በአመዶ ቅጽ ላይ ያልተጻፈው

ጥቅምት 6

ይድረስ ላሳደገችኝ አክስቴ፣ ለእቴቴ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ? ዓይንሽን የጋረደው ሞራ ለቀዶ ጥገና ደረሰ ወይስ ሐኪሙ አሁንም «ትንሽ እንጠብቅ» ይላል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ እጄ በሳሙና ከመላላጡ በቀር ደህና ነኝ። የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ያው ነው። ቀኑን ሙሉ አንሶላ ሳጥፍ እውላለሁ፤ በህልሜም አጥፋለሁ።

እህቴ ትንሿ፣ ይህን ስታነቢላት እዚህ ጋ ቆም በይና መጀመሪያ ውሃ ስጫት። እቴቴ፣ ቤቴ ውስጥ ውሻ አለ። ውጭ አይደለም፣ ቤት ውስጥ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማው ዳር የተጣሉና የተደበደቡ ውሾች የሚሰበሰቡበት መጠለያ አለ። ቦታው ሲጠብባቸው ውሾቹን ለጥቂት ሳምንት በሰው ቤት በአደራ ያስቀምጧቸዋል። አደራ ተቀባዩ ይመግባል፣ ያስታምማል፣ ጠባያቸውን ያጠናል፤ የዘለቄታ አሳዳጊ ሲገኝ ያስረክባል። የመጠለያው ኃላፊ ሴትዮ ካለ ቅጽ ስለማትተነፍስ እኛ «ወይዘሮ ቅጽ» ነው የምንላት። ውሻውን ከመስጠቷ በፊት የመስኮቴን ቁመት ሳይቀር ለክታ ጽፋለች።

ለምን አትበይኝ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ አግብታ ከወጣች ወዲህ ከሥራ ስገባ የሚቀበለኝ የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ነበር። ውሻው አመድማ ነው፣ አንድ ጆሮው ተቆርጧል፤ አመዶ አልኩት። ሦስት ቀን ሙሉ ከልብስ ሳጥኑ ኋላ አልወጣም። በአራተኛው ቀን ወጥቶ ጫማዬ ላይ ተኛ፤ ለሥራ እስክዘገይ ድረስ ላስነሳው አልቻልኩም።

ትንሿ እንዴት ናት? ፎቶ ኮፒ ቤቱ ደመወዝ ጨመረላት?

ልጅሽ

ጥቅምት 25

ይድረስ ባሕር ተሻግራ ለረሳችን ልጄ፤

እንደ አገባብሽ ሁሉ አወጣጥሽን ያሳምርልኝ፤ እጅሽን ይፈውስልኝ። እኔ አለሁ። ሐኪሙ «ከክረምቱ በፊት» ብሏል፤ የትኛው ክረምት እንደሆነ አልነገረኝም።

ደብዳቤሽን ትንሿ ስታነብልኝ ውሻ የሚለው ጋ ስትደርስ የተሳሳተች መስሎኝ ተቆጣኋት። ሰው እናትና አባት የሞቱባቸውን ሁለት ሕፃናት አሳድጎ አንዷን ባሕር ማዶ የሚልከው የውሻ አስታማሚ እንድትሆን ነው? ለጎረቤት ምን ብዬ ላውራው? ለሴቶቹ «የታመመ እንግዳ ተቀብላለች» ብያቸዋለሁ፤ እነሱም ምስኪን ብለው መርቀውሻል። አልጋሽ ላይ እንዳይወጣ። ወጥቷል አይደል? አትንገሪኝ።

አሁን ደግሞ ከውሻ የሚበልጥ ወሬ ስሚ። ለትንሿ ሰው መጥቷል። የቀለም ነጋዴው ነው፣ ከድልድዩ ማዶ ባለ ሁለት በሩ ሱቅ። ቁመናው ያምራል፣ አይጠጣም፣ የሰው ገንዘብ አይነካም። ቆፍጣና ነው፤ ቤቱን የሚያከብር፣ ሥርዓት የሚወድ። ከዚህ በፊት አንዴ አግብቶ ነበር፣ አልተስማሙም፣ ተለያዩ። ልጅ የላቸውም፤ ቋጠሮ የለበትም ማለት ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው ልጄ። የኔ ዓይን ሄዷል፣ ነገ እኔም እሄዳለሁ። ብቻዋን ትቻት ብሞት መቃብሬ ውስጥም አልተኛም።

አክስትሽ

(እኔ ትንሿ ነኝ። የምትለኝን ብቻ ነው የምጽፈው። «ሰው መጥቷል» የሚለውን ሦስት ጊዜ አስጽፋኝ ሁለቱን ሰርዤዋለሁ። ሰውየው ደህና ይመስላል፤ ሁለቴ አግኝቼዋለሁ፣ ሁለቴም እሱ ነው ያወራው። አመዶ ምን ይበላል?)

ኅዳር 12

ለእቴቴ፤

ዕድሜሽን ያርዝመው፣ ለአመዶም የሚተርፍ ምርቃት ላኪልን። አልጋዬ ላይ ወጥቷል፤ አትንገሪኝ ስላልሽ አልነገርኩሽም።

ሥጋ አብጅቷል። ስጠራው ይመጣል፣ ደረጃ ላይ ይቀድመኝና እኔ እስክደርስ ይጠብቀኛል። የቤቱ አከራይ እንኳ፣ ከሰው ጋር ሰላም የማይባባለው ሽማግሌ፣ ጆሮውን ሲያክለት ያዝኩት። አንድ ነገር ብቻ አለ። ሲበላ ሰው አጠገቡ ማለፍ የለበትም። ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ የአናጢው ሚስት ሕፃኗን ይዛ መጣች፤ ሕፃኗ ወደ ሳህኑ እጇን ስትዘረጋ ዞሮ አየሩን ነከሰ። ጣቷ ላይ ለመድረስ የቀረው አንድ ጋት ነው። እናትየዋ ልጇን ታቅፋ ወጣች፤ እስከ ዛሬ በሬን አላንኳኳችም።

አሁን አሳዳጊ ሊፈለግለት ስለሆነ ወይዘሮ ቅጽ ቅጹን ሰጥታኛለች። «ጠባይ» የሚል ረጅም ባዶ ቦታ አለው። እውነቱን ብጽፍ ማንም አይወስደውም። የማይወሰዱት ደግሞ ከኋላ ባለው አጥር ውስጥ ነው የሚያረጁት፤ አይቻቸዋለሁ፣ ሰው ሲመጣ እንኳ አይነሱም። እቴቴ፣ አንቺ ሠላሳ ዓመት የተማሪ ጠባይ ስትጽፊ የኖርሽ መምህርት ነሽ። ምን ብዬ ልጻፍ?

ሌላም ልጠይቅሽ። የቀለም ነጋዴውና የመጀመሪያ ሚስቱ ምኑን ነው ያልተስማሙት? አንድ ቃል ብለሽ አልፈሽዋል።

ልጅሽ

ኅዳር 28

ለልጄ፤

ሰላምታዬ ይድረስሽ፣ ክፉ አይንካሽ። ለውሻውም ምርቃት ጠየቅሽ አሉ፤ እሺ፣ እሱንም አይንካው። ምን ጉድ ውስጥ ነው የከተትሽኝ።

ስለ ቅጹ በትክክለኛው ቦታ ነው የጠየቅሽው። የክፍል ኃላፊ ሳለሁ መስኮት የሰበረውን «ንቁ»፣ ሲያንቀላፋ የሚውለውን «ረጋ ያለ»፣ ጓደኛውን የደበደበውን «ቆፍጣና» እያልኩ ነው የጻፍኩት። አንድ ወላጅ ተጣልቶኝ አያውቅም። ሰው ቤት ሲገባ ጠባዩን ያሻሽላል፤ ስሙን ቀድመሽ ካጠፋሽው ግን ማን ያስገባዋል? ስለዚህ ሲበላ ይናከሳል አይባልም። «ምግቡን ያከብራል፤ ቆፍጣና ነው፣ ሥርዓት ይወዳል» ብለሽ ጻፊ። ውሸት አለበት? የለበትም።

ስለ ሙሽራው የጠየቅሽኝን፣ በባልና ሚስት መሃል ማን ይገባል። የሆነው ሆኗል። ሰርጉ ጥር 20 ተቆርጧል። ቀሚሷን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ጀምሮታል። አንቺ አትመጪም፣ አውቃለሁ፤ ምርቃትሽን ላኪ።

አክስትሽ

(ለሙሽራውም ለውሻውም አንድ ቃል ደረሳቸው፤ እየሳቅሁ ነው የጻፍኩት። ትናንት ቀጠሮአችን ላይ አሥር ደቂቃ አርፍጄ ነበር። ምንም አላለኝም። ምንም ሳይለኝ ሁለት ሰዓት ተቀመጥን። — ትንሿ)

ታኅሣሥ 18

እቴቴ፤

ሰላምታውን ይቅር በይኝ፣ ከአፌ አልወጣ አለኝ።

ያልሽውን ቃል በቃል ጻፍኩ። በማግስቱ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌርና ሚስቱ መጡ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ አመዶን ሲያዩ ሚስትየዋ አለቀሰች። ምንጣፉን፣ ገመዱን፣ የሚወደውን አሮጌ ጫማዬን ጭምር አስይዤ ሸኘሁት። ቤት ስገባ ራሴም አለቀስኩ፤ በደስታ መስሎኝ ነበር።

በአምስተኛው ቀን የልጃቸው ልጅ መጣች፣ የአምስት ዓመት ልጅ። ውሻው እየበላ ነበር። ልጅቷ ልትደባብሰው ከኋላው ሄደች። ማንም አትሂጂ አላላትም፤ ማንም አያውቅማ።

የቀኝ እጇ ሁለት ጣቶች ናቸው። ሰፍተዋቸዋል። ይታጠፉ አይታጠፉ ሐኪሙ ገና አላወቀም። የተኛችው እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ነው እቴቴ። በእጄ ያጠፍኩት አንሶላ ላይ ተኝታ አገኘኋት። አያትየው ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ወንበር አመጣልኝ። «ምግቡን ያከብራል የሚለውን ሳነብ የማያባክን መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አለኝ። ይህን ብቻ ነው ያለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ወይዘሮ ቅጽ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ጠበቀችኝ። ጣቷን መስመሩ ላይ አድርጋ «ይህ የማን ጽሑፍ ነው?» አለችኝ። የኔ ነው አልኳት። «ታውቂ ነበር?» አለችኝ። አውቅ ነበር አልኳት። ሁለተኛ ሰው ፊት ቀና ብዬ የምሄድ አይመስለኝም።

አንቺን አልወቅስም። እጁ የኔ ነው። ግን «ቆፍጣና፣ ሥርዓት የሚወድ» የሚለውን ቃል ስጽፈው ከዚያ በፊት የት እንዳነበብኩት አሁን ነው ትዝ ያለኝ። የጥቅምቱን ደብዳቤሽን አውጥቼ አየሁት። እለምንሻለሁ፣ ሰውየው ሚስቱን ምን አድርጓት ነው የተለያዩት?

ልጅሽ

ጥር 3

ለልጄ፤

ጽሑፉ ተለውጦብሽ አትደንግጪ። ይህን የሚጽፍልኝ ልብስ ሰፊው ነው፤ ትንሿ ሥራ ላይ ናት። ለማንም እንዳይተነፍስ አስምዬዋለሁ።

ደብዳቤሽ ከደረሰ ስድስት ቀን ሆነው። ትንሿ ስታነብልኝ የልጅቷ ጣት ጋ ስትደርስ እንደገና አንብቢልኝ አልኳት። መጨረሻ ላይ ያለውን ጥያቄሽን አንብባ ወረቀቱን አጠፈችው። «ምን ብዬ ልመልስላት?» ስትለኝ ራሴን አመመኝ ብዬ ተኛሁ። ስድስት ቀን ራሴን አመመኝ።

የመጀመሪያ ሚስቱ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። እናቷ ከኔ ጋር አስተምራለች። ምሳ ዘገየ ብሎ የሚስቱን ግራ እጅ በበሩና በመቃኑ መሃል አድርጎ በሩን ዘጋበት። አንዴ አይደለም። እጇ እስከ ዛሬ አይጨብጥም። እናትየዋ ይህን የነገረችኝ ሰውየው ትንሿን ከመጠየቁ ከሁለት ዓመት በፊት ነው። ለትንሿ አልነገርኳትም። ለሷ አልተስማሙም አልኳት፣ ላንቺም አልተስማሙም አልኩሽ። ዕድሜ ያበርደዋል አልኩ። ሰው ይማራል አልኩ። እውነቱን ንገሪኝ ካልሽ፣ ሌላ ሰው አይመጣላትም ብዬ ነው።

አሁን ጥሪው ተበትኗል። ቀሚሱ የቀረው ቁልፉ ብቻ ነው። ምን ላድርግ? መልሱን ወደ ቤት አትላኪው፤ በልብስ ሰፊው ሱቅ ላኪው፣ እሱ ያነብልኛል። ለትንሿ ግን ቃል እንዳትተነፍሺ። ዝም በይ ካልሽኝ ዝም እላለሁ።

አክስትሽ

ጥር 9

እቴቴ፣ ይህንንም የምታነቢላት ትንሿ፤

ፈጣሪ ለሁላችሁም ብርታት ይስጣችሁ። በልብስ ሰፊው ሱቅ ላኪው ብለሽኝ ነበር። ወደ ቤት ነው የላክሁት፣ በፈጣን መልእክተኛ፣ ፖስታው ላይም የትንሿን ስም ጽፌ። ማን እንደምታነብልሽ አውቃለሁ። አውቄ ነው።

መልስሽ ደረሰኝ። ያሳደገችኝ ሰው የጻፈችው አልመስለኝ አለ። እኔን ልጅ ሆኜ ከደረጃ ስወድቅ ሁለት ቀን ያልበላሽው አንቺ ነሽ። ስልኩን ሦስቴ አንስቼ መልሼ ዘጋሁት። በስልክ ብነግራት እሱ «ወሬ ነው» ይላታል፣ አንቺም ጨንቆሽ ወሬ ነው ትያታለሽ፤ እኔ ደግሞ እሩቅ ነኝ። ስለዚህ የላክሽልኝን የጥር 3ቱን ደብዳቤ ራሱን ከዚህ ጋር አድርጌዋለሁ። ትንሿ፣ ይህን ስትጨርሺ እሱንም አንብቢላት።

እቴቴ፣ ዝም ልበል ወይ ብለሽኛል። እኔ አንዴ ዝም ብዬ የአምስት ዓመት ልጅ ጣት አስበልቻለሁ። ልጅቷ ከሆስፒታል ወጥታለች፤ አንዱ ጣቷ ይታጠፋል፣ አንዱ አይታጠፍም። አመዶ ተመልሶ እኔ ጋ ነው። ወይዘሮ ቅጽ ሌላ ውሻ አልሰጥሽም ብላኛለች፤ እውነቷን ነው። አዲስ ቅጽ ሞልቻለሁ፣ ሁሉንም ጻፍኩት፣ የልጅቷን ዕድሜ ሳይቀር። እስካሁን የጠየቀው የለም። ማንም ባይጠይቀው እኔ ጋ ያረጃል።

ትንሿ፣ አግቢ ወይም አታግቢ አልልሽም። ሳታውቂ ግን አትገቢም።

እህትሽ፣ ልጅሽ

ጥር 24

ለልጄ፤

የላክሽው ይድረስሽ ብዬ ልራገም አስቤ ነበር፤ ምላሴ እምቢ አለኝ። ፈጣሪ ይባርክሽ። ይህን የምትጽፈው ትንሿ ናት። ያልኩትን እንዳለ ጻፊ፣ አታሳምሪልኝ ብያታለሁ።

ፖስታሽ የደረሰው ጥር 14 ነው። መስኮቱ ስር ተቀምጣ ታነብልኝ ጀመር። «አውቄ ነው» የሚለው ጋ ስትደርስ ተይው፣ ይበቃል አልኳት። አልተወችውም። ድምፅዋን ከፍም ዝቅም ሳታደርግ ያንቺን ጨረሰች። ከዚያ የኔን ዘረጋችና ማንበብ ቀጠለች። የበሩን ነገር፣ የእጇን ነገር፣ «ሌላ ሰው አይመጣላትም» ያልኩትን የራሴን ቃል፣ ሁሉንም በሷ አፍ ሰማሁት። እንደዚያ ቀን ደንግጬ አላውቅም። ዓይኔ ፊቷን ስለማያይልኝ የወረቀቱን ድምፅ ነው የምሰማው።

«ይህን ሰውየው ሳይመጣ በፊት ነው የምታውቂው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። «እኔ ቡና ይዤለት ስገባ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ ታውቂ ነበር?» አዎ አልኳት። ጫማዋን ስታጠልቅ ሰማኋት።

መድኃኒት ቤቱ ሄዳ እንደ ማንም ወረፋ ያዘች። ተራዋ ሲደርስ የምትገዛው አልነበራትም። «እሱን ላገባው ነው» ብቻ አለቻት። የመጀመሪያ ሚስቱ ነጭ ጋውኗ ኪስ ውስጥ የከተተችውን ግራ እጇን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችላት። ከኋላ የቆመው ሰው «እባካችሁ ተራ ነው» እስኪል ድረስ ትንሿ እጁን አየችው።

ከዚያ ልብስ ሰፊውን ይዛ ቀለም ሱቁ ሄደች። አልክድም አለ ሰውየው። «አንዳንዴ እጄ ይቀድመኛል፤ አንቺ ግን ሥርዓት ታውቂያለሽ» አላት። በደንበኛ ፊት እየሳቀ። ይህን የነገረኝ ልብስ ሰፊው ነው። እሷ ቀለበቱን የቀለም ቆርቆሮ ክዳን ላይ አስቀምጣለት ወጣች።

እኔ ሰርጉ ቀርቷል ተብሎ በሰው ይነገር፣ ምክንያቱ ግን ሆድ ይፍጀው ብዬ ለመንኳት። እምቢ አለች። «ጥሪውን የበተንሽው አንቺ ነሽ፤ ለምን እንደቀረም አንቺ ተናገሪ» አለችኝ። ሦስት ቀን ክንዴን ይዛ ቤት ለቤት አዞረችኝ። በየደጁ «እያወቅሁ ደብቄ ነው» አልኩ። የመጀመሪያው ደጅ ላይ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ነበር። አሥረኛው ላይ አንዲት ሴትዮ እጄን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባችኝና ለልጇ ስለመጣ ሰው ጠየቀችኝ። ያንን ሰው አውቀዋለሁ። የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት።

ትንሿ ከቤት አልወጣችም። ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ሐኪም ቤትም ቀጠሮ ይዛልኛለች። አነጋገሯ ግን ቤት ለቤት ዞረን ካበቃን ወዲህ «አንቺ» ቀርቶ «እርስዎ» ሆኗል። ሥራ ሄዳ ስትመለስ ድሮ ከበሩ ጀምራ ነበር የምታወራው። አሁን ቁልፉን ብቻ ነው የምሰማው። ላንቺ ጭንቀት እንዳይሆን፣ ትንሿ ይቅር ብላኛለች፣ ሰላም ነን፤ እንዲህ ብለሽ ጨርሺው ብያታለሁ።

አክስትሽ

(እኔ ትንሿ ነኝ። መጨረሻውን ያለችውን እንዳለች ጻፍኩት፤ አደራዋ ነው። እውነት ግን አይደለም። ይቅር አላልኳትም፣ ገና ነው። መቼ እንደሚሆን አላውቅም። ይህን መጻፌን ነግሬ አንብቤላታለሁ። «እንዳለ ይሂድ» አለች።)